«እጅሽ ምን አገኘ?»

የሩማይሲያዋ ወጌሻችን ወይዘሮ እንግዳዬ ማረፋቸውን ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት በስልክ ነበር። ያኔ ሁሉም ቤት ተዘግቶበት ስለነበር ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ የቀበሯቸውም የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። «ኮሮና ነው የወሰዳቸው» ተብሎ ተወራ፤ እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ዓመታቸው ሲደርስ ዝምታው አላስቀምጥ ስላለኝ ይህን ጻፍኩላችሁ። ኮሮና አልነበረም።

እትዬ እንግዳዬና እኔ እዚህ ዐረብ አገር በሠራተኝነት የተቀጠርነው አንድ ቤት ነበር። እርሳቸው ኩሽናውን ይዘዋል፤ እኔ አልጋ ላይ የዋሉትን የማዳምን አባት አስታምማለሁ። አገር ቤት ነርስነት ጀምሬ ሳልጨርስ ነው ያቋረጥኩት። እናንተ ግን «ሲስተር» ስትሉኝ አንድም ቀን አላረምኳችሁም። ደስ ይለኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በአንዲት እህታችን የኪራይ ክፍል፣ እትዬ ፊት ያልተኛ ማን አለ? ወገቤን ያለው፣ ትከሻዬን ያለው ሁሉ ፍራሹ ላይ በሆዱ ይዘረጋል። እርሳቸው ታዲያ ቸኩለው ማሸት አይጀምሩም። በሁለት ጣት አከርካሪውን ግራና ቀኝ እየተከተሉ ይወርዱና የሆነ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ከአሕመዲ የመጣችውን ትዕግሥትን ታስታውሷታላችሁ፤ ጀርባዬን ብላ ነበር የመጣችው። ከግራ ትከሻዋ በታች ቆሙና «ልጄ፣ ሲርብሽ ያቃጥልሻል?» አሏት።

«በምን አወቁ?» አለች ቀና ብላ።

«ይሄ የሚታሸት አይደለም፤ ጨጓራሽ ሳይሆን አይቀርም። እጅ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። የሚፈርደው ዶክተር ነው።»

እኔ አፌ መች ያርፍና! «እትዬ፣ ጨጓራን ጀርባ ላይ ማን ሰቀለው?» አልኩ በሰው ፊት። ሳቃችሁልኝ። እርሳቸውም ፈገግ አሉና «ጭሱ የሚታየው ጣሪያው ላይ ነው፤ እሳቱ ያለው ግን ምድጃው ውስጥ ነው» አሉኝ። ከዚያ ለትዕግሥት ማዳም ራሳቸው ደውለው፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛቸው ለምነው ሐኪም ቤት አስላኳት። ቁስለት ተገኘባት፤ ታክማ ዳነች። እኔ «አጋጣሚ ነው» አልኩ። የጀርባና የሆድ ዕቃ ነርቮች እንደሚገናኙ፣ የውስጥ ሕመም ጀርባ ላይ ሊሰማ እንደሚችል ተምሬ ነበር እኮ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ከእኔ ቀድመው ማወቃቸው ነው ያንገበገበኝ።

ከተማው ሲዘጋ ዓርባችንም ቀረ። ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ፣ እትዬ እጄን ይዘው ያስተምሩኝ ጀመር። «የሞቀውን ፈልጊ። ከሥሩ እንደ ገመድ የጠነከረውን ፈልጊ። ስትነኪው ሰውዬው ትንፋሹን ከያዘ ቁሚና ጠይቂው» ይሉኛል። እያሾፍኩም ቢሆን ተማርኩ።

ዐቢይ ጾም ላይ እርሳቸው ራሳቸው ጀርባዬን አሉ። «የገዛ ጀርባውን የሚዳስስ ወጌሻ የለም። እስቲ አንቺ እይኝ» ብለው ተኙልኝ። ጣቶቼ ወረዱ፤ ከግራ ትከሻቸው በታች ሲደርሱ ቆሙ። ሞቋል፣ ጠንክሯል። እትዬም ትንፋሻቸውን ያዙ።

«እጅሽ ምን አገኘ?» አሉኝ።

ያገኘሁትን ብናገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያሾፍኩበት ነገር እውነት ሊሆን ነው። «ምንም» አልኳቸው። «ጡንቻ ነው። ምንጣፍ ሲያነሱ ነው የተጎዱት።» ይባስ ብዬ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሰጠኋቸው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ብዬም አዘዝኩ። ያ ኪኒን የቆሰለ ጨጓራን ሊያደማ እንደሚችል፣ በባዶ ሆድ ደግሞ እንደሚብስ ተምሬዋለሁ። እርሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። «ሲስተር ያዘዘችውማ ይዋጣል» እያሉ በጉንጭ ውሃ ይውጡት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ወደቁ። ያስመለሳቸው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር። አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው፤ አብሮ መሄድ ክልክል ነው ተባልን። ከሰዓት በኋላ ማዳም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ መጣችና «ጨጓራዋ እየደማ ነው። ዶክተሩ ምን መድኃኒት ትወስድ ነበር እያለ ነው» አለችኝ።

«ማፊ፣ ማዳም» አልኩ። ምንም የለም ማለቴ ነው። ያቺኑ ቃል ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ በዐረብኛ። በማግሥቱ አረፉ።

እውነቱን ብናገር ይተርፉ ነበር ወይ? አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም። አፍሬያለሁ። እናንተ ስታለቅሱልኝ፣ «አብረሻቸው ኖረሽ፣ አይዞሽ» ስትሉኝ ደግሞ ይበልጥ አፍር ነበር። ከእንግዲህ ሲስተር አትበሉኝ። ጀርባዬን ያለውን ሁሉ ጨጓራ ነው አትበሉት፤ እትዬም እንዲያ አላሉም። እንደ እርሳቸው ጠይቁትና ወደ ሐኪም ላኩት።

እትዬ እንግዳዬ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። ዓመት ሙሉ ግን አንድ ጥያቄዎን ይዤ ኖሬያለሁና ዛሬ ልመልስልዎ። ከግራ ትከሻዎ በታች፣ ከአከርካሪዎ ሁለት ጣት ርቆ፣ የሞቀ ነገር አገኘሁ። ከሥሩ እንደ ገመድ ጠንክሯል። ስነካው ትንፋሽዎን ያዙ። ጨጓራዎ ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ። ዶክተር ጋ ይሂዱ።