የመዶሻው ፎቶ

ማዳም አንድ የዛገ የብረት ሳጥን ከመኝታ ቤት ጎትታ አወጣችና «ይሄን ለሃሪሱ ስጪው፤ ዘባላ ነው፣ የሚጣል» ስትለኝ ነገሩ ገና ከጅምሩ አልጣመኝም። ዓረብ አገር ሃሪስ የምንለው የሕንፃውን ጠባቂ ነው። ያረጀ ብረት ያጠራቅምና ራይ ከሚባለው ሰፈር ለሚመጣ ፒክአፕ ያስረክባል፤ አቅልጠው ሌላ ነገር ይሠሩበታል ይላሉ።

ሳጥኑ የሟች አባቷ ነበር። ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ አፉ የማይገጥም ፒንሳ፣ ጫፋቸው የተበላ ካቻቢቴዎች፣ እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመ መዶሻ። አገር ቤት ቢሆን ቆራሌው እንኳ ተለምኖ ነው የሚወስደው።

እኔ ግን የታየኝ ወጥመድ ነው። ጠርጣራ ነኝ፤ አልክድም። ማህቡላ የሚባል ሰፈር ትሠራ የነበረች የጸሎት ኅብረታችን እህት፣ ማዳሟ «ጣዪው» ያለቻትን አሮጌ ካውያ ጣለች። በሳምንቱ «የት አደረግሽው?» ተባለችና ሌባ ተብላ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ፣ ከጸሎቱ ቀጥሎ ምክራችን አንድ ነበር፤ ከቤት የሚወጣ ዕቃ ማዳም እጅ ላይ እያለ ፎቶ ይነሳ። ሌባ ተብዬ እናቴ ደጅ ከምቆም ብሞት ይሻለኛል።

ስለዚህ ዋሸሁ። ወንድሜ አናጢ ስለሆነ ላሳየው ነው ብዬ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንድትይዝልኝ ለመንኳት።

እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና መጋዙን አነሳች፤ አባቷ ጀልባውን የጠገነበት እንደሆነ ነገረችኝ። ፒንሳውን፣ ካቻቢቴዎቹንም አነሳች። መዶሻው ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች፤ ብዙም አወራች። ምን እንዳለች አላስታውስም። እኔ የማጣራው ፊቷ ስክሪኑ ውስጥ በደንብ መግባቱን ነበር። ሃሪሱ ሲመጣም ሳጥኑን ከእሷ እጅ እንዲቀበል ሁለት እርምጃ ወደኋላ አልኩ።

ከወር በኋላ ወጥ ቤት መጣች።

«ለወንድምሽ ያነሳሻቸው ፎቶዎች አሉ? ላኪልኝ። የአባቴን መዶሻ ማንም ፎቶ አንስቶት አያውቅም» አለችኝ።

አሃ፣ ነቅታብኛለች፤ ማስረጃዬን ልታስጠፋኝ ነው አልኩ በልቤ።

«ከላስ ማዳም፣ ስልኩ ተበላሽቶ ሁሉም ጠፋ» አልኳት።

«ማዓለሽ፣ ግድ የለም» ብላ ወጣች። ድስት ማጠቤን ቀጠልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ደስም ብሎኝ ነበር።

እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ሠራሁ። ውሌ አልቆ ስወጣ፣ በየቤቱ እንደሚደረገው እንድትፈትሸው ሻንጣዬን ራሴ ከፍቼ ጠበቅኋት። ጎንበስ ብላ ዚፑን በገዛ እጇ ዘጋችው። አንድም ነገር አላነሳችም። ያን ቀን ነው ያፈርኩት።

ፎቶዎቹ አሁንም ስልኬ ላይ አሉ። ባለፈው ሳምንት መዶሻውን የያዘችበትን አጉልቼ አየሁት። ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ያኔ የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። እያለቀሰች ነው። ቁጥሯ አለኝ፤ እስከ ዛሬ አልላክሁላትም።