ጀርባውን የሰጠው ሽመላ

የቹዎን መንደር ሰው ሚየንን ሲያማ «እጇም አፏም ሥራ አይፈቱም» ይላል። ልክ ነው። እሷ የሚያብረቀርቀውን ዛጎል እንደ ፀጉር በቀጠነ መጋዝ ትቆርጣለች፤ ባሏ ቲየም በቆረጠችው ልክ እንጨቱን በመሮ ቦርቡሮ ይለጥፈዋል። መንደሩ ውስጥ የተጣላና የታረቀ ሁሉ በመሀላቸው ያልፋል።

ያን ሰሞን የያዙት የአዛውንቱን የኮአትን ጎሣ ሥራ ነበር፦ የጎሣው ሟቾች በፎቶ በሚዘከሩበት የአያቶች መሠዊያ ግራና ቀኝ የሚሰቀሉ ሁለት ሳንቃዎች። እንጨቱ በጎሣው ግቢ ከወደቀው አሮጌ ዛፍ የተገኘ ስለሆነ ምትክ የለውም። እሱ ተበላሸ ከተባለ ማንም ጎሣ መሠዊያውን አምኖ አይሰጣቸውም።

በየሳንቃው አንድ ሽመላ ይቆማል፤ ሁለቱም ወደ መሠዊያው ማየት አለባቸው። ስለዚህ ለሁለተኛው ሳንቃ የንድፉ ወረቀት ይገለበጣል። ይሄ ለጀማሪ የሚነገር ነገር ነው። ሚየን ግን ወረቀቱን ዛጎሉ ላይ ስትለጥፍ፣ የጎረቤት ምራት ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት የገባችበትን ምክንያት እየተረከች ስለነበር ሳትገለብጠው ቀረች። ቲየምም ጆሮው እዚያው ስለነበር ዝም ብሎ ቦረቦረ።

ሁለቱን ሳንቃዎች ግድግዳ አስደግፈው ሲያዩ፣ የቀኙ ሽመላ ቂጡን ለመሠዊያው ሰጥቶ ቆሟል። ሚየን ቦታ አቀያየረቻቸው። አሁን ደግሞ ሌላኛው ቂጡን ሰጠ።

«የዱየን አባት፣ ስትቦረቡር ዓይንህ የት ነበር?» አለችው፣ ባሏን በልጃቸው ስም ጠርታ።

«አፍሽ ውስጥ።»

«ወሬው ጣፍጦህ ነዋ።»

«ጣፍጦኝ ነበር። አባባ ኮአት መጥተው ሲያዩ ደግሞ የኛ ወሬ ይጣፍጣል።»

በሙጫ የተያዘ ዛጎል ሲነቀል ይሰባበራል። ስለዚህ እግሩ፣ ክንፉና ጅራቱ ባሉበት ይቅሩ ተባለ። አንገቱና ጭንቅላቱ ብቻ ተፍቀው ወጡ፤ ሚየን ወደ ኋላ የታጠፈ ሌላ አንገት ቆረጠች፤ በአሮጌው አንገት ጉድጓድ ቲየም በቀርከሃ ቅጠል ቅርጽ የተቆረጠ ዛጎል ሞላበት። ያን ቀን ሙሉ አልተናገረችም። ጎረቤቶች አሟት ይሆን ብለው ሊጠይቋት መጡ።

ኮአት ዱላቸውን ተደግፈው ሽመላውን ቆመው አዩት።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው የሚዞረው?»

ሚየን የጥንት አሠራር ነው ልትል ተዘጋጅታ ነበር። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ። «አባባ፣ ወረቀቱን ሳልገለብጥ ቆረጥኩት። ሊሄድ ሲል አንገቱን ይዘን ነው ያዞርነው።»

የሽማግሌው ፊት አልተፈታም። «ታላቅ ወንድሜም እንዲሁ ነበር። ሩዙ እስኪቀርብ በር ላይ ቆሞ፣ ወደ ኋላ እያየ ‹ሄጃለሁ› ይል ነበር።» ሳንቃውን በዱላቸው ነካ አደረጉት። «በየት በኩል ነው የሚሰቀለው?»

«በቀኝ፣ በታላቅ ወንድምዎ ፎቶ በኩል።»

«እዚያው ይሁን። ጎሣው ሲጠይቀኝ እኔ ነኝ እንዲህ ያሠራሁት እላለሁ። አንቺም እንደዚሁ በይ። ለማንም፣ ለእናትሽም ቢሆን። ትችያለሽ?»

ሚየን ቲየምን አየችው። ቲየም ጣራ ጣራውን ያያል።

«እችላለሁ» አለች፣ ጥርሱ እንደሚነቀልበት ሰው።

ሽማግሌው እንደወጡ ቲየም ስንጥቁን ሁሉ የሚሸፍነውን ጥቁር ልባስ በብሩሽ መቀባት ጀመረ፤ ከአንገቱ መጋጠሚያ።