ቀይ መብራት የለመደው ሹፌር

ወልደጻድቅ ከሻሸመኔ ወደ አዋሳ የሚወርደውን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ ነበር የሚጨርሰው። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ማርሹን ነፃ አድርጎ እንደ ጋሪ ያንከባልለዋል። ታች ሲደርስ በቀላሉ እንዲነሣለት ግን ቁልፉን አይዘጋውም። ሞተር ቆሞ ቁልፍ ሲከፈት ደግሞ መሪው ፊት ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። ዓመታት እንዲህ አለፉና መብራቷ የቁልቁለት ባልደረባው ሆነች። እንዴት እንደሚቆጥብ የጠየቀው ሳይኖር በቁጠባው ተጨብጭቦለት፣ በሠራተኛው ፊት ብርድ ልብስ ተሸልሟል።

ዘዴውን ያወቀው የጋራዡ መካኒክ ደምሴ ብቻ አልወደደለትም።

«ጋሼ፣ ሞተሩ እየሠራ ያቺ መብራት ከበራች ይቁሙ» ይለዋል። «ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ ደክሞም ይሆናል። ሽቦ ሲላጥ በከንቱ የምትበራበትም ጊዜ አለ። የትኛው እንደሆነ ግን እየነዱ አይታወቅም።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ መሪ ስይዝ አንተ ጡት ትጠባ ነበር።»

«እሱስ ልክ ነው። ሞተሩ ግን ዕድሜ አይጠይቅም።»

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወልደጻድቅ እንደ ልማዱ ቁልቁለቱን ጨርሶ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቷ ግን አልጠፋችም። አያት፤ «አሁን ትጠፋለች» አለና ነዳ። የጥቁር ውሃን ድልድይ ሲሻገር ከሞተሩ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ቤቱ ለመድረስ ጥቂት ስለቀረው ጨክኖ ረገጠው። መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ነክሶ ቀጥ አለ።

«አባባ፣ ፈረሴን ላውስዎት?» አለው አንድ ባለጋሪ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት በድንጋይ ተመትቶ ተሰንጥቋል፤ ዘይቱ መንገድ ለመንገድ ፈስሶ አልቋል። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «መብራቱ አልበራም እንዴ?» ሲለው፣ ያ የተጨበጨበለት ቀን ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

«አልበራም» አለ።

መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ አደረ። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሽበሺ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«መብራቱ ካልበራ ሽቦውን የነካ ሰው አለ ማለት ነው። ይህ አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን ያ ቃል አንዴ ከተነገረ፣ የተነገረበት ሰው ቤቱ ለመመለሱ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ዓይኖች ሁሉ ወደ ደምሴ ዞሩ። ደምሴ የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ «ያ ጴንጤ» እየተባለ በጎሪጥ ይታይ ነበር።

«ቁልፉን ክፈቱና እዩ፤ ትበራለች» አለ ደምሴ።

«መኪናው ያደረው አንተ ዘንድ ነው። መልሰህ ቀጥለኸው ቢሆንስ?» አለ ሽበሺ።

ደምሴ ወደ ወልደጻድቅ ዞረ። «ጋሼ ወልደጻድቅ፣ እውነት አልበራችም?»

ወልደጻድቅ ጫማውን እያየ «እኔ አላየሁም» አለ። ሽበሺ ከምሳ በኋላ ደምሴን ለሚመለከታቸው እንደሚያስረክብ ተናግሮ ስብሰባውን በተነ። ደምሴን ግን ከአዳራሹ አላስወጡትም።

በሩ ላይ የደምሴ ሚስት ታቢታ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ደምሴ ቆየብኝ። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ምን ሆኖ ነው?»

«አሁን ይወጣል» አላትና አለፈ።

እግሩ ወደ ገብርኤል ወሰደው። አጥሩ ጋ ቆሞ ሊሳለም ሲያጎነብስ የለመደው ጸሎት ሁሉ ከአፉ ጠፋ። «አሁን ይወጣል» ከሚለው የገዛ ቃሉ በቀር የመጣለት ነገር አልነበረም። ደጁን ለመሳለም አፈረ። ሳይሳለም ተመለሰ።

ሽበሺ ሊወጣ ሲል አዳራሹ በር ላይ ደረሰበት። ሠራተኛው ምሳውን እየጨረሰ በየጥላው ተቀምጧል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መብራቷ በርታ ነበር። አይቻታለሁ።»

«ምን አልክ?»

«በርታ ነበር። ሞተር አጥፍቼ ስወርድ ሁልጊዜ ስለምትበራ ንቄያት ነው። ደምሴ እንድቆም ነግሮኝ ነበር።»

«ያ ሁሉ ቁጠባ ሞተር እያጠፋህ ነው?»

«አዎ።»

ከጥላው ሥር አንዱ «ብርድ ልብሱ ይመለስ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ወልደጻድቅ ፊቱ እንደ እሳት ነደደ። ሽበሺ ሲሰድበው ቆሞ ሰማ። የሳቀበት ሰው ሁሉ ምስክር ስለሆነ ነገሩን መልሶ የሚያድበሰብሰው አልተገኘም። ደምሴ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሄደ።

ወልደጻድቅ ከመሪው ተነሥቶ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ደምሴ የዚያኑ ሞተር የተቃጠሉ ብረቶች ናፍጣ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አቀረበለት።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ደምሴ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «በጸሎት ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። አንጀቴ ግን ገና ነው። ታቢታም ስምዎን አታንሣብኝ ብላለች።»

«እውነቷን ነው።»

«ትንሽ ጊዜ ይስጡን። እስከዚያው በደንብ ይሹት፤ ጥቁሩ አለቀቀም።»

ወልደጻድቅ ሳፋው ላይ አቀርቅሮ ማሸቱን ቀጠለ። ቀና ብሎ ሰው ለማየት ገና አልደፈረም። ከኋላው ግን ደምሴ ቡሎን ሲያጠብቅ ድምፁ ይሰማዋል፤ ያ ሰው እዚህ፣ ሥራው ላይ ነው። «ተመስገን» አለ፤ ጸሎት ከአፉ ሲወጣ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።