የጋሽ አዳነ የፀጉር ቅባት

ፀጉሬ ከሦስት ጣት ያልበለጠ ልጅ ሳለሁ፣ ቦንጋ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር ከእናቴና ከእናቴ አጎት ከጋሽ አዳነ ጋር እኖር ነበር። ጋሽ አዳነ የማንኪራ ጫካ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ኖረው፣ ጉልበታቸው አልወጣም ሲላቸው ወደ እኛ ግቢ መጡና የጓሮዋን ክፍል ያዙ። ያኔ ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የፀጉር ቅባት መሥራት ጀመሩ። እናቴ ሙያውን የተማሩት ከሟች ሚስታቸው ነው ትላለች፤ እሳቸው ከጫካው ነው ይላሉ።

ቅባቱ የሚሠራው አመሻሽ ላይ ነበር። መብራት ስለሚጠፋ ፋኖስ እንሰቅላለን፤ ለጋ ቅቤው በሸክላ ድስት ፍም ላይ ይጣዳል፤ ከዚያ የደረቀ አደስ፣ የጥብስ ቅጠልና የተወቀጠ ኮረሪማ በየተራ ይገባሉ። ጭሱ ያስለቅሰኛል፣ ሽታው ያስርበኛል፤ እራቴን ጠግቤ በልቼ እንኳ ድስቱን በዳቦ መጥረግ ያምረኝ ነበር። ጋሽ አዳነ ሰዓት አያውቁም፤ የሚለኩት በተረት ነው። አደሱ የአንዲት ጦጣ ተረት ያህል ይንተከተካል፤ ኮረሪማው የሚገባው ንጉሡ ሲቆጣ ነው፤ ድስቱ የሚወርደው ልጅቷ ስትዳር ነው። አንድ ምሽት እናቴ ቸኩላ ንጉሡ ሳይቆጣ ኮረሪማውን ጨመረችና፣ ጋሽ አዳነ ቅቤውን ደፍተው ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

በተረቶቻቸው ውስጥ ደግ የሆነ ሁሉ ባለ ረጅም ፀጉር ነበር። የንጉሡ ልጅ ስትታጠብ ፀጉሯን የሚሸከሙላት ሰባት ሴቶች ነበሯት፤ ጦጣዋ እንኳ ሹሩባ ተሠርታለች። ሌባው፣ ቀማኛው፣ ጉቦ የሚበላው ዳኛ ግን ምን ጊዜም መላጣ ነው። እኔም ይህን እንደ ጸሎት አምኜ፣ የሰፈራችንን መላጣ ሥጋ ሻጭ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ራሳቸው ጋሽ አዳነ ጥቁር የሱፍ ኮፍያ እስከ ጆሯቸው አጥልቀው ነበር የሚውሉት። ፀሐይ ቢሆን፣ እሳት ዳር ቢሆን አያወልቁትም፤ ኮፍያ የማይገባበት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደግሞ በጋቢ ይከናነባሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች ግቢያችን መጥተው ይደረደራሉ፤ እናቴ ትቀባለች፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። «የእርስዎስ ፀጉር እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «የኔማ አስቸግሮኝ ነው በኮፍያ ያሰርኩት» ይላሉ። እኔም ከኮፍያው ሥር ወገብ የሚደርስ ፀጉር ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ አልተጠራጠርኩም።

የአክስቴ ልጅ ልትዳር ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነገር መጣ። አበባ ይዘን ከሙሽራዋ ፊት ከምንሄድ አራት ሴት ልጆች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ የሦስቱ ፀጉር ትከሻቸው ላይ ይተኛል። አክስቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየችና «ለዚችኛዋ ዊግ ብንፈልግላትስ?» አለች። እያለቀስኩ ጋሽ አዳነ ዘንድ ሄድኩ። «ፀጉር እንደ ቡና ነው ልጄ፤ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚደርሰው» አሉኝ። እኔ ግን የነበረኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

በክፍላቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሌላው ቅጠል ተለይቶ ከፍ ብሎ የተሰቀለ አንድ እስር ነበር። እንዳትነኪ ብለውኛል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ትልቅ ሰው ከልጅ የሚደብቀው ሁልጊዜ ጥሩ ጥሩውን መሆኑን አውቃለሁና። በቅዳሜው፣ ሁሉም ደጅ ሳሉ፣ ወንበር ላይ ቆሜ አንድ እፍኝ ያህል በጠስኩ፤ አሽቼ ከቅቤ ጋር ለወስኩት፤ ይጠንክር ብዬ ደግሞ ከእናቴ ማር ሁለት ማንኪያ ጨመርኩበትና ራሴን ለቀለቅሁት።

ቅጠሉ ግን የፀጉር አልነበረም። ማንኪራ ላይ አዲስ ቀፎ ከመስቀላቸው በፊት ውስጡን የሚያሹበት፣ በጠረኑ ንብ የሚጠራ ቅጠል ነበር፤ ለወንድማቸው ልጅ ሊልኩለት ነው ያስቀመጡት። በገዛ እጄ ራሴን ቀፎ አደረግሁት።

ግቢው መሐል ብቅ ስል አንዲት ንብ መጣች። ዞር ስል ሦስት ሆኑ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ቅቤ የጠጣ ራሳቸውን በሻሽ የያዙ ሴቶች እየተጋፉ ቤት ገቡ። ጋሽ አዳነ አየሩን አሸተቱና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ያን ቅጠል የነካው ማነው?»

መልስ አላስፈለጋቸውም። «እንዳትሮጪ! እንዳትወራጪ!» እያሉ በዚያ ጉልበታቸው ሮጡ። ጋቢያቸው ክፍላቸው ነው፤ በእጃቸው አንዳች የለም። እጃቸው ወደ ኮፍያቸው ሄዶ እዚያው ቆመ። ሴቶቹ በሙሉ በበሩና በመስኮቱ እያዩ ነው። ከዚያ መንጭቀው አወለቁትና እስከ አገጬ ድረስ አጠለቁልኝ።

በሱፉ ቀዳዳ ሳያቸው ራሳቸው እንደታጠበ ሰሐን ያበራል። አንድ ፀጉር የለም! ንቦቹ እንደከበቡኝ እንኳ «ጋሽ አዳነ ለካ ሌባ ናቸው» ብዬ አሰብኩ። ሌባው ግን ተሸክመው ማድቤት ጭሱ ውስጥ ከተቱኝ፤ እናቴም ሮጣ መጥታ ራሴን ታጥበኝ ጀመር። እሳቸው ንቦቹን ከበሩ ለማራቅ ግቢው መሐል ተመልሰው እንደ ግንድ ቀጥ ብለው ቆሙ። አራት ቦታ ነደፏቸው።

ንቦቹ ሲበተኑ፣ ጋሽ አዳነ ያበጠ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«እንግዲህ አያችሁኝ» አሉ። «ከእንግዲህ የመላጣ ቅባት ማን ይቀባል?»

ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው እትዬ አስካለ ቀድመው ወጡ። «ምኑን ነው ያየነው ጋሽ አዳነ? አምና ነፋስ ኮፍያዎን ሱቄ ደጅ ሲጥለው አይቼ የለ! ዞር ብዬ ማንም ያላዘዘኝን ስኳር መዘንኩ።»

ከሴቶቹ መሐል፣ ከሰሜን ተመድባ የመጣች አስተማሪ «እኔም ቤተ ክርስቲያን በጋቢዎ ጠርዝ አይቻለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ።

እናቴ ከማድቤት ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ኮፍያውን የማጥበው እኔ ነኝ እኮ። አንድም ቀን ፀጉር አግኝቼበት አላውቅም።»

ጋሽ አዳነ ሁሉንም በየተራ አዩ። «ታዲያ አትነግሩኝም?» ብለው ጮኹ። «ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሱፍ ስቀቀል!»

«ሲደብቁት ደስ ይልዎት ነበራ!» አሉ እትዬ አስካለ። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ጋሽ አዳነ ናቸው፤ ሲስቁ የተነደፉበት ስላመማቸው እያቃሰቱ ነበር የሚስቁት። የዚያን ዕለት ቅባቱ ከመቼውም በላይ ተፈለገ፤ መጀመሪያ የተቀባው የእሳቸው ራስ ነበር፣ ለእብጠቱ።

በሠርጉ ቀን አበባዬን የያዝኩት በዚያችው በአጭር ፀጉሬ ነው። ያኔ ያዘንኩትን ያህል ግን ዛሬ አላስታውሰውም። አብሮኝ የቀረው ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው አውቆ ዝም ማለቱ፣ እሳቸው ደግሞ ያን ያህል የፈሩትን ነገር ለእኔ ሲሉ በአንድ አፍታ መድፈራቸው። ጋሽ አዳነ ካረፉ ቆይተዋል፤ አሁን ቅባቱን የምሠራው እኔ ነኝ፣ እዚሁ ቦንጋ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ጎትቶ መጣ። «ለእኅቴ ነው» አለኝ።

«እሺ። የሳሳው ፊት ለፊቷ ነው ወይስ መሐል አናቷ?»

እጁ ሳያውቀው ወደ ኮፍያው ተነሣ። «መሐል አናቷ።»

«ማታ ማታ ትቀባው፤ በርቺ በላት» አልኩና ጠርሙሱን ለመጠቅለል ጀርባዬን ሰጠሁት። መጠቅለሉ ብዙም ጊዜ አይወስድም፤ እኔ ግን አልቸኮልኩም።