የቀረው ቀላል ነው

ሃምባርዙም፣ ባጭሩ ሃምቦ፣ የትሮሊባስ ሹፌር ነው፤ ትሮሊባስ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ በዘንግ ኤሌክትሪክ የሚወስድ አውቶቡስ ነው። በአርመን ዋና ከተማ የሬቫን ውስጥ እሱ በሚነዳው ትሮሊባስ የተሳፈረ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ቀይ መብራት ላይ ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ልቡ እዚያ የለም። አንዴ መስቀለኛ መንገድ ላይ ዘንጎቹ ከሽቦው ወርደው ትሮሊባሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሃምቦም ወርዶ እንደማስተካከል ዝም ብሎ ተቀምጦ ቀረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽቦው ወርዷል እኮ!» ብለው ጮኹበት።

«አይቻለሁ። ፈረሱን ወዴት ላውጣው እያልኩ ነው» አላቸው።

የሚገርመው፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ስድባቸውን ትተው ፈረሱ የት እንዳለ ጠየቁት። ከተማችን እንዲህ ናት፤ ስለ ቼዝ ሲሆን ሥራ መፍታት አያሳፍርም።

እኔ ከሃምቦ ጋር አንድ ግድግዳ የምጋራ ጎረቤቱ ነኝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የማወራውን አብዛኛውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያመለጠኝን ደግሞ ሚስቱ ዜፒዩር ነግራኛለች።

ቼዝ የተማረው ከመጽሐፍ ነው። የታላላቆቹን ጨዋታ ከነማብራሪያው የሚያትሙ መጻሕፍት አሉ፤ ለጎበዝ እርምጃ ቃለ አጋኖ ይደረግለታል፣ ለሞኝ እርምጃ ጥያቄ ምልክት ይለጠፍበታል። ሃምቦ ገጹን በካርቶን ይሸፍንና ታላቁ ተጫዋች ቀጥሎ ምን እንደሚጫወት ይገምታል። ከዚያ ካርቶኑን አንድ መስመር ዝቅ ያደርጋል። ካገኘው አንድ የሱፍ ፍሬ ይበላል፤ ከሳተ አይበላም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሱፉ ሳይነካ ያድር ነበር፤ በኋላ ግን ቅርፊቱ ወለሉን ይሞላው ጀመር።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው የቼዝ ክለቡ ውስጥ ለምን የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋች ማዕረግ ላይ ተቸንክሮ ቀረ? አጀማመሩ ያስፈራል። መሃል ላይ ተጋጣሚውን አንቆ ይይዘዋል። ማሸነፉ ሲታየው ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና ሲጋራውን ለኩሶ የሌላ ሰው ጨዋታ ለማየት ይዞራል። ሲመለስ ያኛው ነፍስ ዘርቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አታንሱብኝ። ሁልጊዜ ተሸንፎ ይወጣና «ዕድል የለኝም» ይላል። ዕድል! ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር።

የዜፒዩርም ትዕግሥት አለቀ። መጻሕፍቱ አልጋው ሥር አልበቃ ብሏቸው ቁም ሣጥኑን ወርረዋል፤ ልብሷ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው።

«ሃምቦ ጃን፣ ውዴ፣ በሰላም ልንገርህ» አለችው። «ዘንድሮ የአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ካላገኘህ እነዚህ መጻሕፍት አሽታራክ ከተማ ያለው ወንድሜ ምድር ቤት ይወርዳሉ። እዚያ አይጦቹ ይማሩባቸው።»

ዜፒዩር ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ሃምቦ ፊቱ ገረጣ። ያለ መጻሕፍቱ ምሽቱን በምን እንደሚያሳልፈው አያውቅም ነበር።

ያኔ በረዶው ገና መጣሉ ነው። ሃምቦ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ሲያፈጥ ውሎ ዓይኑ ስለሚደክም፣ ዜፒዩር ወጥ ቤት ውስጥ ሥጋና ሩዙን በወይን ቅጠል እየጠቀለለች ማብራሪያውን ታነብለት ጀመር። አንድ ምሽት አንድ ጨዋታ አነበበችና ጨረሰች።

«‹ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል፤ የቀረው ቀላል ነው።› ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገጹን ግለጪ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ነጭ ነዋ!»

«እንዴት አድርጎ?»

«ቀላል ነው አለሽ እኮ።»

ዜፒዩር ገጹን ገለጠች። ያኛውም ጨዋታ መጨረሻው «የቀረው ቀላል ነው» ይላል። ሌላ ገለጠች፤ ያው ነው።

«ለማን ነው የሚቀለው?» አለች ቅጠሉን አስቀምጣ። «አንተ ሰው፣ አንድም መጨረሻ አንብበህ አታውቅም ማለት ነው? ለዚህ ነዋ እዚያ ስትደርስ ተነስተህ የምትዞረው! በል ቀላሉን አሳየኝ። እኔ ጥቁሩን እይዛለሁ።»

ዜፒዩር ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ ቼዝ የምታውቀው የጠጠሮቹን አካሄድ ብቻ ነበር። ሃምቦ ጠጠሮቹን መጽሐፉ ካቆመበት ደርድሮ እየሳቀ ተቀመጠ። የዚያን ምሽት በግድግዳው በኩል የሰማሁት ሳቅ ግን የሷ ነበር፤ አላሸነፋትም። በማግስቱም አላሸነፋትም። ሴትዮዋ አትለቅም! ንጉሥዋን ከወታደሩ ፊት ትገትረዋለች፤ ግንቧን ወደ ሩቅ ጥግ ትልክና ከኋላ «ቼክ! ቼክ!» እያለች የነጩን ንጉሥ መግቢያ ታሳጣዋለች።

«ይሄ ቼዝ ነው? ይሄ እኮ እልህ ነው!» እያለ ይጮህ ነበር።

«ቀላል ነው ያልከው አንተ ነህ» ትለዋለች።

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ እንዲህ ሆኑ። ሃምቦም ቀስ በቀስ መጨረስ ለመደ፤ እሷም ቀስ በቀስ አለመሸነፍን ተካነች።

ማዕረጉ የሚገኝበት የክለቡ ውድድር የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ሃምቦ እኩል እንኳ ቢወጣ ደረጃውን ያገኛል፤ ከተሸነፈ መጻሕፍቱ አሽታራክ ናቸው። የደረሰው ተጋጣሚ ‹ቫርፔት›፣ ማለትም ‹ዋና ባለሙያ›፣ የሚባለው ሰዓት ሠሪው አጋሲ ነው፤ እጁም ጨዋታውም የማይቸኩል ሽማግሌ። እኔ ከሃምቦ ጀርባ ቆሜያለሁ። የፈራሁት አልቀረም። አጋሲ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቀመበትና መጨረሻ ላይ ሁለቱም ንጉሥና ግንብ ብቻ ሲቀራቸው፣ አጋሲ አንድ ወታደር ተርፎታል። አለቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ አጋሲ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቷል። ፒፓውን ለኮሰና እጁን ኪሱ ከቶ የሌላ ሰው ጨዋታ ለማየት ሄደ።

ለካ እሱም የተማረው ከነዚያው መጻሕፍት ነው! ክለቡ በሙሉ ከነሱ ነው የተማረው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ሳል አስመሰልኩት። ሃምቦ ግን አልሳቀም። ንጉሡን ከወታደሩ ፊት ገተረ፤ አጋሲ ብቅ ብሎ አንድ እርምጃ ተጫውቶ ሲሄድ ደግሞ ግንቡን ወደ ሩቅ ጥግ ላከ። አጋሲ ሲመለስ «ቼክ» አለው። ሽማግሌው ንጉሡን ቢያሸሽ ቼክ፤ ቢያስጠጋ ቼክ። የፒፓው እሳት ጠፋበት። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ፤ እኩል ወጡ።

«ይሄ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?» አለ አጋሲ።

«የዜፒዩር ነው፣ ቫርፔት።»

«ዜፒዩር? ከየትኛው ክለብ ናት?»

«ሚስቴ ናት። ሸሚዝ ትሰፋለች።»

አብሬው ወደ ቤት ገባሁ። ዜፒዩር ድስቱን እያማሰለች ሳትዞር «አሸነፍክ?» አለችው።

«አላሸነፍኩም። እንዲያውም ተሸንፌ ነበር። ከዚያ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ብዬ እሱን አደረግኩ፤ እኩል ወጣን። ደረጃውን አግኝቻለሁ፤ ግን ያንቺ ነው።»

ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«በረዶው ጥሎ እስኪቀልጥ ስንጫወት» አለችው ዞራ፣ «አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ጦር ሰጥተኸኝ ታውቃለህ?»

ሰጥቷት አያውቅም። ሁልጊዜ መጽሐፉ ካቆመበት፣ ሁልጊዜም የተሸናፊውን ወገን ነበር የሚሰጣት፤ እሷም ሳታማርር ይዛዋለች። አፈረ። ሁሉን በግድግዳው በኩል ስሰማ የከረምኩት እኔም አፈርኩ።

«በምን እንደሚጀመር እንኳ አላውቅም» አለች።

ሃምቦ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ጠጠሮቹን ሁሉ፣ የሷንም የሱንም፣ አንድም ሳያጎድል ደረደረ። ከዚያ ሰሌዳውን አዞረና ነጩን ወደ እሷ አደረገው።

«ጀምሪ» አላት።