በፈረስ ጭራ ያሰርኳት ጣት

ሁለተኛዋ ልጄ ስትወለድ በግራ እጇ ከትንሿ ጣቷ ጎን ትርፍ ጣት ነበረቻት። አጥንት የላትም፤ በቀጭን ቆዳ ተንጠልጥላለች። የምንኖረው ከጅጋ ወጣ ብሎ ነበር። ሚስቴ ፍኖተ ሰላም ክሊኒክ እንውሰዳት አለች። እኔ ማንበብን ያለ አስተማሪ ስለተማርኩ ሌላውንም ሁሉ ያለ አስተማሪ የምችል ይመስለኝ ነበር። በአገራችን ኪንታሮት በፈረስ ጭራ ሲታሰር ደርቆ ይወድቃል። ትርፏንም ጣት እንደዚያ ቆጠርኳት።

«ኧረ ተው፣ ጥፍር እኮ አላት!» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብዬ ጣቷን አጥብቄ አሰርኳት።

በሦስተኛው ቀን ጣቷ ጠቆረች፤ እጇ እስከ አንጓዋ አበጠ፤ ጡት መያዝ ተወች። ሰማንያ ቀኗ ገና ነበር። ሚስቴ ሳትጠመቅ ልትሞትብኝ ነው እያለች አለቀሰች። አራሷን በበቅሎ አስቀምጬ ወደ ፍኖተ ሰላም ገሰገስኩ።

በክሊኒኩ ዶክተር አልነበረም፤ የሚያክመው አንድ ወጣት ድሬሰር ነው።

«ይህን ማነው ያሰረው?» አለ።

ዝም አልኩ። እሱም ወደ ሚስቴ ዞረ። «እናንተ ሴቶች! ወልዳችሁ መልሳችሁ ትገድላላችሁ!» እሷ አንገቷን ደፋች፤ አላጋለጠችኝም።

ጭራውን በመቀስ ቆርጦ መግሉን አጠበና ልጅቷን ፔኒሲሊን ወጋት። ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አርፈን በየቀኑ ተመላለስን፤ በየቀኑም ሚስቴን ሰደባት። በስምንተኛው ቀን እብጠቱ ስለጎደለ የልጄን ክንድ አስያዘኝ። በመርፌ አደነዘዘ፤ ትርፏን ጣት ቆርጦ ሁለት ቦታ ሰፋ። ዶሮ ታርዶ እስኪያበቃ የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልቆየም። ልጄን ያን ሁሉ ያሰቃየኋት ይህን ለማስቀረት ነበር።

ድሬሰሩ እጁን እየታጠበ «ለሚመጣው ልጅሽም ጭራ አስቀምጪ እሺ!» አላት።

ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷ ከልክላኝ ነበር» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ አንቱ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ስሰድባት የት ነበሩ?»

«እዚሁ» አልኩ።

ልጆቼን ውሸት አትናገሩ እያልኩ በአለንጋ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ዝም ብሎ ሌላውን ማስወቀስም ውሸት ነው፤ ይህን የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ድሬሰሩ ፎጣውን አስቀምጦ ወደ ሚስቴ ተጠጋ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ» አላትና ቁስሉ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ፋሻው መቼ እንደሚለወጥ አስረዳት። ወደ እኔ አላየም። በሩ አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ።