የቀደመው ሰማይ

በህሌቢኔ መንደር ሥዕል የሚሣለው በመስታወት ጀርባ ላይ ነው፤ ከፊት የሚታየው ጥቃቅን ነገር ይቀድማል፣ ሰማዩ በመጨረሻ ይቀባል። ድራጉቲን ይህን ከአባቱ የተማረው ጢም ሳያበቅል ነው። የጥበብ አማካሪ ተብዬዎች ከከተማ መጥተው «ካልዘመንክ ትጠፋለህ» ስላሉት ግን ዓመታት በታብሌት ሲሥል ኖረ። እዚያ ሰማዩ ይቀድማል፤ ስህተትም በጣት ይጠፋል።

ዛሬ ሲሥል በስልክ ቀጥታ ስርጭት የሚያዩት ተመልካቾቹ «በመስታወት ሣልልን» አሉትና ብሩሽ አነሳ። ሰማዩን ቀባ፣ በላዩ ዝይ አሳምሮ ሣለ። መስታወቱን ቢገለብጠው ሰማያዊ ብቻ! ተመልካቾቹ «እንዴት ያለ ጥልቅ ሐሳብ!» እያሉ የልብ ምልክት አዘነቡለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝይዋን ቀበርካት እንዴ?» አለች ሚስቱ ሩዛ። «አባትህ ቢያይ አጥር ያስቀባህ ነበር!»

«ተይኝ ሩዝዬ፣ ደክሞኛል። ሰዎቹ ወደውታል።»

«እነሱማ ባዶ ሳህን ብታሳያቸውም ይወዳሉ። አንተስ?»

ድራጉቲን ጨርቅ ነክሮ መስታወቱን ጠረገው። ጥልቅ ሐሳብ ያዩት ሁሉ ተሰላችተው አንድ ባንድ ከስርጭቱ ወጡ። ድራጉቲን ብሩሹን እንደያዘ ቀረ።

«ሩዛ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ የዝይዋን ዓይን ነበር ወይስ ምንቃሯን የሚያስቀድመው?»

ሩዛ መሳለቋን ተወች። «ዓይኗን፣» አለችው።